እሾሁን ያስነሳሽኝ መንገድ

ሃርሜ፣ እናቴ፣

ከተለየሽን ዛሬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለሽ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ማንበብ አትችዪም ነበርና። በአማርኛ መጻፌን ብትሰሚ ደግሞ «ለእኔም የቢሮ ቋንቋ ያወራልኛል» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። ሳቂ። ፊደል የቆጠርኩበት ቋንቋ ነው፤ ስናደድም የሚቀናኝ በእሱ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው ተቀይሯል። አናጢው ቆርቆሮውን አጣምሞ ስለመታው ሁለት ጊዜ አስፈታሁት። ያንቺ ባሕር ዛፎች አጥሩን አልፈዋል። ሲንቄሽ፣ በሠርግሽ ቀን እናትሽ ያስያዘችሽ ቀጭኗ በትር፣ ከአልጋሽ ራስጌ እንደቆመች ናት፤ ለማንም አላስነካም። ፈይሳም ከእስር ወጥቷል። ልጽፍልሽ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ፈይሳ በእርሻ ወሰን ጠብ ታናሼን ቶላን በዱላ መትቶ ሲገድለው ፍርድ ቤት ፈረደበት። እኔን ግን አልበቃኝም። ጉማ፣ የደም እርቁ፣ እስኪፈጸም ድረስ የገዳይና የሟች ቤተሰብ በአንድ መንገድ አይሄድም፣ ከአንድ ውሃ አይጠጣም። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በእኛ ደጅ ያልፋል። ስለዚህ የፈይሳ እናት አዴ ጫልቱ ኮረብታውን እየዞረች ከወንዝ ትቀዳ ጀመር። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስተምርበት ከአምቦ እስከ እጃጂ ድረስ በሚኒባስ እየመጣሁ ይህ ሥርዓት መከበሩን እቆጣጠር ነበር። አልፌም መንገዱን በእሾህ አጠርኩት።

ሽማግሌዎቹ ለእርቁ ሦስት ጊዜ መጡ። በሦስተኛው ቅድመ ሁኔታዎቼን በወረቀት ጽፌ፣ ተራ ቁጥር ሰጥቼ አቀረብኩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ወረቀቱን ገለበጥ አድርገው አዩና «መምህር፣ ስንት ከስንት አገኘን?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። አንቺም ከጓዳ ስትስቂ ሰማሁሽ። በዚያ ቀን ክፉኛ ተቀየምኩሽ። የሳቀችው እናት ልጇን የቀበረች እናት መሆኗን አላሰብኩም።

በበጋው አዴ ጫልቱ ከነጀሪካኗ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች። በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ስደርስ ሲንቄሽን ይዘሽ እሾሁ ፊት ቆመሻል። እልል ስትዪ የሰፈሩ ሴቶች የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ወጡ። ሲንቄ ይዛ የቆመችን ሴት ወንድ ገፍቷት አያልፍም፤ አይከራከራትምም። «አንሳው» አልሽኝ። እኔ ባለዲግሪው፣ ክራቫቴን እንዳሰርኩ፣ በባዶ እጄ እሾህ ለቀምኩ።

በኋላ የተሰበረብኝን እሾህ ከጣቴ በመርፌ ስታወጪልኝ፣ «ቶላን አትወጂውም ነበር» አልኩሽ። ይህን ለእናት የሚል አፍ እንዴት እንዳልደረቀ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሾሁን አውጥተሽ፣ መዳፍሽ ላይ አይተሽ፣ «የጫልቱም ልጅ እቤቷ የለም» አልሽኝ።

በለቅሶሽ ላይ «የዋህ ነበረች» ሲሉ ሰማኋቸውና ተናደድኩ። ውሸት ነው። የዋህ አልነበርሽም። ከእኔ የባስሽ ግትር ነበርሽ፤ ግትርነትሽን ግን ለትክክለኛው ነገር አዋልሽው። እኔ ስለ ፍትሕ ብዙ አንብቤ ያተረፍኩት አጥር ነው። አንቺ አንድ መስመር ሳታነቢ ሁለት ሐዘንተኛ ቤት በአንድ ልብ ተሸከምሽ። መንገዱን አስከፍተሽም እርቁን ያለ እኔ አልጨረስሽውም። የበኩር ልጅ ከገዳይ ወገን ጋር እጁን ካልታጠበ ጉማ አይደለም ብለሽ ጠበቅሽኝ። እየጠበቅሽኝ ሞትሽ።

በቀብርሽ ቀን አዴ ጫልቱ አንድ ጀሪካን ውሃ ደጃችን አስቀምጣ ሄደች፤ ጉማው ሳይፈጸም መግባት አትችልማ። ሰው ፊት ደፋሁት። በማግስቱ ሌላ አስቀመጠች። እሱንም ደፋሁት። በሦስተኛው ቀን ላነሳው ስል እጀታው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ አየሁ፤ ከአሮጌው ሰማያዊ ቀሚስሽ የተቀደደ። ጀሪካኑ ያንቺ ነበር። ስትወድቅ የእሷ ተሰንጥቆባት፣ ያንቺን፣ እጇን እንዳይቆርጣት እጀታውን ጠቅልለሽ፣ ሰጥተሻት ኖሯል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ቀድቼ ጠጣሁ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን እኔው ራሴ ጠራኋቸው። መጠጣቴን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «መምህር፣ ገለበጥከው እኮ! መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፣ ከዚያ ይጠጣል!» አሉኝ። ስንት ዓመት ለሥርዓቱ የተሟገትኩት ሰውዬ ሥርዓቱን ከነአካቴው አፈረስኩት። ለተማሪ ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው። ከፈይሳ አባት ጋር ከአንድ ገንዳ እጃችንን ታጠብን። አንቺ አልነበርሽም። ሲንቄሽን ግን አምጥቼ አጠገቤ አቁሜያት ነበር።

እጅ መታጠብ ከፈይሳ አባት ጋር ቀላል ነበር፤ እሳቸው ቶላን አልመቱትም። ያለፈው ቅዳሜ ግን ፈይሳ ራሱ በመንገዱ መጣ፤ ያንቺን ጀሪካን ተሸክሞ። ፀጉሩ ሸብቷል። እኔን ሲያይ ቆመ፤ ወደ ኮረብታው ሊዞር ፊቱን መለሰ። ያን እጁን ነው ያየሁት፣ ያኔ ዱላውን የያዘውን፤ የቀሚስሽን ጨርቅ ጨብጦ። ደረቴ ውስጥ የነደደውን አልደብቅሽም፤ አልበረደም። «አካም?» አልኩት። ድምፄ የሰላምታ አልነበረም። ቢሆንም አልኩት። ላቅፈው አልቻልኩም፣ ሃርሜ። ከመንገዱ ግን ዞር አልኩለት። አለፈ።

ካንቺ እኩል መሆን እንደማልችል አውቃለሁ። የምችለውን ግን ቃል እገባልሻለሁ። እስካለሁ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። በዚያ መንገድ ዳርና ዳር የሚያቆጠቁጠውን እሾህ እየቆረጥኩ አስብሻለሁ።

ልጅሽ ለሜሳ