ውርጩ ያመጣብን እንግዳ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳፬

ውርጩ ከሰኞ ጀምሮ አለቀቀንም። የቧንቧው ውሃ እስኪረፍድ አይወርድም። ትናንት ያጠብኩት የባለቤቴ ሱሪም ገመዱ ላይ እንደ ጣውላ ተገትሮ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አማቴ፣ አባባ፣ ለመውለድ የደረሰች በጋቸውን እየነዱ ከገጠር መጡ።

«በረቱ ቀዝቅዟል፤ ውርጩ ይገድልብኛል» አሉ።

ማጀት ብናስገባት አሻፈረኝ አለች። ቀጥ ብላ መኝታ ቤት ገብታ ከአልጋችን አጠገብ ተኛች።

«አባባ፣ እኛስ የት እንተኛ?» አለ ባለቤቴ።

«እናንተማ ባና አላችሁ።»

«እሷስ ጸጉሯን ለብሳ የለም እንዴ?»

«የምትደርበው ባና ከማን ጸጉር የተሠራ መሰለህ?» አሉት።

ወደ ማታ ወለደች። ግልገሏ ግን ደንዝዛ መቆም አቃታት። አባባ እንኳ ፊታቸው ተለወጠ። ባለቤቴ አነሳትና ሹራቡ ውስጥ ከቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ብዙ ቆይታ ተንፈራገጠች፤ ሸናችበትም። እሱ ግን ሳቀ።

አሁን እናቷን እየጠባች ነው። አባባ «ነገ ይዣቸው እሄዳለሁ» ቢሉ ባለቤቴ ተቆጣ።

«ውርጩ ሳይለቅ የት ይወስዷቸዋል?»

እዚህ አገር ውርጭ እስከ ጥር እንደማይለቅ እያወቀ...