ጠባሳሽ እስከ ጥምቀት ይቆይ

ልጄ ፍቅርአዲስ፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ላሟም ወልዳለች።

ዱባይ ያለው ሐኪም ቆዳሽን በመድኃኒት እየላጠ የጉንጭሽን ጠባሳ ሊያጠፋልሽ ነው ስትዪኝ እልል ብዬ ነበር። ወሬው ግን የፈላ ዘይት ከደፋብሽ ከቀድሞ ባልሽ ከይሻው ጆሮ ደረሰ። ትናንት ሽማግሌ ላከብኝ።

«እመት ፈንታነሽ፣ ጠባሳው ከጠፋ ቂሙም ይጥፋ። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና ይቅር ይበሉት» አሉኝ።

«አባቶቼ፣ ለጠባሳውስ ሐኪም ተገኘ፤ ለቂሜ የትኛውን ሐኪም አመጣችሁልኝ?» አልኋቸው።

ቢሆንም ለጥምቀት ማግስት ይምጣ ብያለሁ። እባክሽ ልጄ፣ እስከዚያ ፊትሽን አታስነኪ። መጥተሽ ከነጠባሳሽ ፊት ለፊቱ ቁሚ፤ የሠራውን አገር ይይ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ እንዳሻው ይልጠው፤ ብቻ ከተላጠ በኋላ ፀሐይ እንዳይነካሽ ነጠላሽን ተከናነቢ።

እሱ አጎንብሶ ሲለምን ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያወርድለት የተበደለው ወገን ነው፤ ያ ማለት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ወገቤን ያመኛል፤ እንዲህ በቀላሉ ጎንበስ አልልም።

እመቤቴ አንቺን በሰላም ታምጣልኝ፤ ለእሱም ጽኑ ጫንቃ ትስጠው።

እናትሽ ፈንታነሽ