ከጓሳው የወረደው ውሻ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ሳንቲሙ ዛሬም ወደቀ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ፣ ምንም ሳልደገፍ ቆሜ፣ ባዶውን ምላጭ ሃያ ጊዜ ሳብኩ። አሥራ አራቱን ጊዜ ወደቀ። ትናንት አሥራ ስድስት ነበር። መሻሻል ከተባለ ይኸው ነው።

ግራ ክንዴ ዝሏል። ወገቤም።

ጥይት አላጎረስኩም። በዚህ ዘመን አንድ ጥይት ከጮኸ ቀበሌው ሁሉ በር ይዘጋል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይጣራሉ። ስለዚህ ጠመንጃው ቀጭ ይላል፣ በቃ።

ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። እኛ የጥብቅ ደኑ ጠባቂዎች ውሻ ላይ የምንተኩሰው በበጋ ነው። መከር ገብቶ ከብት ወደ ጓሳው፣ ወደ ደጋው ረጅም ሣር፣ ሲለቀቅ የእረኞቹ ውሾች ተከትለው ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ካበደ በሽታው ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ይፈጃቸዋል። አሁን ግን ሰኔ ነው። ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፣ ጓሳው ጉም ለብሷል፣ ውሻ የሚባል የለም። አንዱ «ምኑን ልትተኩስ ነው? ጉሙን?» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ።

ለምን እንደምለማመድ ለማንም አልተናገርኩም። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከሞተ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። አላህ ይርሐመው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ጋሽ አሰፋ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የድሮ ወታደር። ከቤቴ ጀርባ ካለው ገደላ ገደል ሥር ስለማመድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። ኋላ ተነሥተው ጫማዬን በከዘራቸው መቱት።

ያሉኝን እንዳልረሳ ልጻፈው፦

ዓይንህን ጨፍነህ አነጣጥር። ስትገልጠው ጠመንጃው ወደ ጎን ሄዶ ካገኘኸው በክንድህ አትጎትተው፣ እግርህን አዙር።

የግራ ክርንህን ጎንህ ላይ አስጠጋ። ክንድ ይደክማል፣ አጥንት ግን አይደክምም።

ሰደፉን ጉንጭህ ይፈልገው፤ አንገትህን አታስግግ።

ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዝ። ከዘገየህ ተወው፣ አውርደህ እንደ ገና ጀምር። ማውረድ ሽንፈት አይደለም።

ከሁሉ የገባኝ የመጨረሻው ነው። «አፈሙዙ እስኪቆም አትጠብቅ» አሉኝ። «የቆመ ሰው ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ይተነፍሳል። አይቆምም። አንተ ግን ኢላማው ላይ ሲያልፍ ምላጩን ትነጥቀዋለህ። ትንሽ ይወዛወዝ፣ ተወው፣ እየተወዛወዘ ቀስ ብለህ ሳበው።»

መንጠቅ። ልክ ናቸው፤ ያን ቀንም ነጥቄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሃያው ስምንት ብቻ ወደቀ። ጋሽ አሰፋ ሲሄዱ ምን አንገብግቦህ ነው በሰኔ እንዲህ የምትደክመው አሉኝ። ለበጋው ነው ብዬ ዋሸሁ። ውሸት አሁን አሁን ቀሎኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ አላባራም። ወደ ጓሳው አልወጣንም፣ አልተለማመድኩም። የሸሸሁትን ልጻፈው።

ነገሩ ጥር ላይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ብቻዬን ስዞር አንድ ቢጫ ውሻ አየሁ። ኋላ እግሩ ይጎተታል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ባየው ባየው መንገዱን የሚያውቅ አይመስልም። እብድ ነው፣ ምንም ጥርጥር አልነበረኝም። ጓሳው እስከ ጉልበቴ ስለደረሰ ብንበረከክ አይታየኝም፤ የምደገፍበት ድንጋይም ዛፍም የለም። ቆሜ አነጣጠርኩ። አፈሙዙ እምቢ አለኝ። ውሻው ላይ ሲያልፍ ጠብቄ ነጠቅሁት። ከኋላው አፈር ቦነነ። ሁለተኛ ሳላጎርስ ሸንተረሩን ወርዶ ተሰወረ፤ የወረደውም ወደ እኛ መንደር በኩል ነበር።

መከተል ነበረብኝ። አልተከተልኩም። አንዱ ጓደኛዬ ተኩሱን ሰምቶ ሲደርስ፣ ከሃያ እርምጃ ሳትኩ ማለት አፈርኩና ጅብ ላስደነግጥ ነው አልኩት። ለአለቃችንም እንደዚያው ብዬ ጥይቷን አስመዘገብኩ።

ከሰዓት ቤት ስደርስ ሰይድን አውድማው ላይ እግሩ በጨርቅ ታስሮ አገኘሁት። አንድ ቢጫ ውሻ ድንገት መጥቶ ነክሶታል፤ መከታ የሚባለው የራሱ ውሻ ተናንቆ አባረረለት። ቁስሉ ትንሽ ነበር፣ የሁለት ጥርስ ምልክት። ሚስቱ ዘይነባ ጠየቀችኝ፦ ከላይ በእናንተ በኩል የታመመ ውሻ ታይቶ ነበር ወይ?

«ከላይ ምንም አላየሁም» አልኳት።

እንዲያ ስላልኩ ጤነኛ የእረኛ ውሻ ነው ተባለ። ሰይድም ለጭረት ብዬ ምርቴን በዝናብ አላስበላም ብሎ ወደ ውቂያው ተመለሰ። ክትባቱ መካነ ሰላም ከተማ ነበር። የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። በማግሥቱ ልንገረው አልኩ። በሳምንቱ ቁስሉ ሽሮ ሲስቅ አየሁትና አላህ አወጣው ብዬ ዝም አልኩ። መጋቢት ላይ ውሃ ሲያይ ጉሮሮው መታነቅ ጀመረ። በአራተኛው ቀን ቀበርነው።

ጻፍኩት። አልቀለለኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5



ጠዋት የዘይነባን ማሳ ላርስ ሄድኩ። ሰይድ ከሞተ ወዲህ በሬዎቹን የምጠምደው እኔ ነኝ። ከእርሻው በኋላ ወደ ጥበቃ ስለምወጣ ጠመንጃውን ይዤ ነበር። ገና ሳልጠምድ የሰይድ ልጅ ሙና፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሮጣ መጥታ መከታ ታሟል አለችኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላም። ሄጄ አየሁት። አገጩ ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የታሰረበትን ግንድ ይነክሳል፣ ስሙን ስጠራው አላወቀኝም። ያን ቀን ከቢጫው ውሻ ጋር ሲናነቅ ጆሮውን ተነክሶ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ያቺው የሳትኳት ጥይት ናት፤ አምስት ወር ሙሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበረች።

ሙና ትናንት በእጇ ልታጎርሰው ሞክራ እምቢ ብሎ እጇን ልሷታል። እጇን ገልጬ አየሁት። ጣቷ በማጭድ ተቆርጧል፣ ገና አልደረቀም።

ሳሙና አምጥቼ ጀሪካኑ እስኪያልቅ አጠብኳት። ዘይነባ ከቤት ወጥታ ምን ሆናችሁ አለች። አሁኑኑ መካነ ሰላም ወርደን ትከተብ አልኳት። ከውሻው በላይ የእኔ ድንጋጤ አስፈራት መሰለኝ፣ እስቲ ዛሬን እንየው፣ ውሻም በዝናብ ይታመማል አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ «የሰይድንስ ጊዜ ማን አውቆ?» አለች።

«እኔ አውቅ ነበር» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ቆሜ መተኮሴን፣ መሳቴን፣ ጅብ ነው ማለቴን፣ እሷ ስትጠይቀኝ ምንም አላየሁም ማለቴን። አላለቀሰችም። ሞፈሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደ ተኮስኩ። ሦስት ሰዓት አልኩ።

«እሱን የነከሰው አምስት ሰዓት ነው» አለች። «ሁለት ሰዓት ነበረህ።»

 

በዚህ መካከል መከታ ገመዱን በጠሰ። እየተንገዳገደ ከግቢ ወጥቶ በታረሰው ማሳ ወደ ምንጩ መንገድ አቀና። በዚያ ሰዓት ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። ዘይነባ ሙናን ቤት አስገብታ በሩን ከውጭ ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ ያመጣኸው። አንተው ግደለው። ከዚያ ከፊቴ ጥፋ።»

ማሳው ቁልቁል ነው፤ ብተኛ አይታየኝም፣ የምደገፈው የለም። ከውሻው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል እንጂ ሰው አለመኖሩን አየሁ። እግሬን አዞርኩ። ክርኔን ጎኔ ላይ አስጠጋሁ። አንዴ አነጣጥሬ ዘገየሁና አወረድኩ። ዘይነባ ከኋላዬ ስትተነፍስ ይሰማኛል። እንደ ገና አነሣሁ። አፈሙዙ ይወዛወዛል፤ ተውኩት። ሳልነጥቅ ሳብኩት።

መከታ ባለበት ወደቀ። ዳግም አልተንቀሳቀሰም። ሰይድን ያዳነ መስሎት ከዚያ ቢጫ ውሻ ጋር የተናነቀ ውሻ ነው።

ምንም ደስታ የለውም። በጥር ቢሆን ኖሮ ብቻ ነው ያልኩት።

ተኩሱን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች ሬሳውን በእጅ ሳይነኩ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀብሩት ነግሬ ወረድን። ዘይነባ ከፊት፣ ሙና በእኔ ጀርባ። መኪናው መንገድ ላይ ደርሰን ተሳፈርን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሙና የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ለአለቃዬ የጥር ወሩን ነገር አንድ ሳይቀር ነገርኩት።  ከዚያ ጠመንጃውን እንዳስረክብ አዘዘኝ፤ ጉዳዩ እስኪታይ በባዶ እጄ እዞራለሁ። ሳስረክብ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ሌላው ግን አልቀለለኝም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሽ አሰፋ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ቆመህ ነው አሉኝ? ቆሜ ነው አልኩ። በአንድ ጥይት? አዎ። ጎበዝ ሊሉኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉ ቀሪውንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ትንሽ ቆይተው መልሰው አስቀመጡት። «እንግዲህ ሸክሙ ያንተ ነው፣ ማንም አይቀበልህም» ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ዘይነባ ማሳዋን ለሌላ ሰው አሳርሳለች። ከሩቅ አየሁት። ፈሩ ጠማማ ነው። ሄጄ ላቃናው አማረኝ፣ አልሄድኩም።

እናቴ ሰምታለች። ምሳ አቀረበችልኝ፣ ግን አጠገቤ አልተቀመጠችም። እኔንም ሰይድንም የወለደች እሷ ናት፤ ለየትኛችን ታልቅስ?

ሽማግሌ ልላክ ብዬ አሰብኩ። ምን ብዬ? የሚመለስ ነገር ቢኖር ሽማግሌ ይመልስ ነበር።

እሁድ፣ ሰኔ 8

ሁለተኛው መርፌ ዛሬ ነበር። እንዳልሄድ ወስኜ ነበር። ነገር ግን ሌሊት የዘነበው መንገዳችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ ስለሞላው ሙናን የሚያሻግራት ሰው ያስፈልጋል ብዬ ሳይነጋ ወጥቼ ወንዙ ዳር ጠበቅኋቸው። ዘይነባ አይታኝ ቆመች። ከዚያ ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። አዝዬ አሻገርኳት።

ሙና አባቷ በምን እንደ ሞተ ታውቃለች። እኔም እንደ እሱ እሆናለሁ ወይ አለችኝ፣ በጆሮዬ። አትሆኚም፣ ቶሎ ደርሰናል፣ ኢንሻአላህ አልኳት። ሐኪሙም ያለን ይህንኑ ነው፤ ቶሎ መታጠቧና በዕለቱ መከተቧ ጥሩ ነው፣ ብቻ አንዱም መርፌ እንዳይቀር።

የምትከትባት ሴት ካርዱን እየጻፈች ልጅቷን ማን ያመላልሳታል አለች፤ የሚደወልለት ሰው ስልክ ፈለገች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ዘይነባ ስልክ የላትም። ወደ በሩ ዞር አለች።

«አጎቷ ነው» አለች። «እሱ ያመጣታል።»

ቁጥሬን ተናገርኩ። ሴትዮዋ ሁለቴ አስደገመችኝ።

ስንመለስ ዘይነባ እንደ ሐሙስ ከፊት ሄደች። ይቅር አለችኝ ማለት አይደለም፤ ላትለኝም ትችላለች። ሙና ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ቀጣዩ መርፌ የፊታችን ሐሙስ ነው።