በእጄ ያቆምኩት ድንጋይ

ውድ እህቴ ሺና፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንሽን የቡድን ጓደኛችን ሞርቨን ነግራኛለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለልጆች ከርሊንግ፣ ያን በበረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታችንን እያስተማርሽ፣ ቀይ ጃኬት ለብሰሽ፣ እንደ ድሮው አዳራሹን በሙሉ የሚያናውጥ ጩኸትሽን እየጮህሽባቸው ነው አሉ። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ከዚያ መልእክትሽን አስከትላ ነገረችኝና ሳቁ እዚያው ላይ ቀረ።

"ኤልስፔት በክለቡ ሰው ፊት ቆማ 'ድንጋዩን በመንካቴ እርግጠኛ አልነበርኩም' ትበል፤ ያኔ አባዬን ለማየት እመጣለሁ" ብለሻል። ሞርቨን ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ላለማየት መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ምስኪን! ስምንት ክረምት ሙሉ ከአንቺ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አንቺ ስትመላለስ እኮ ነው ያረጀችው። መልሴን ደግሞ በእሷ አፍ ልልክ አልፈለግሁም። በወረቀት ጽፌ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ፖስታ እስኪደርስ በረዶው አይጠብቀንም።

አዎ፣ ሐይቁ በረዶ ሆኗል። ልጆች ሆነን አንድ ጊዜ ብቻ ያየነው ነገር ተመልሶ መጣ። የክለቡ ሰዎች በመሰርሰሪያ ወግተው ውፍረቱን ለኩትና ሰውም ድንጋይም ይችላል አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታው ሐይቁ ላይ ነው። ከየመንደሩ ቡድን ይመጣል፤ የበሬ ሥጋና ጎመኑም እንደ ወጉ በትልቁ ድስት ይሠራል። አባዬ ዳር ላይ ወንበር ወጥቶለት፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያያል። ሐኪሙ "በዚህ ብርድ አይሞከርም" ቢለው "እንግዲያው አንተ ቤትህ ተቀመጥ" አለው። ልቡ ደክሟል ሺና። ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ የሚተኛው ሳሎን ነው። ሌላ ክረምት ላይደርስ ይችላል። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለምታውቂም ነው ዋጋውን ያስወደድሽው።

እንግዲህ ስሚኝ። አልልም።

ድንጋዩን ነክቼዋለሁ። ያኔም ነክቼው ነበር፣ ዛሬም ነክቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ክለቡ ፊት ብታቆሚኝም የምለው ይህንኑ ነው። ለክረምት ኦሊምፒክ አንዲት ቦታ ቀርታ፣ ወይ እኛ ወይ ጃፓኖቹ ተብሎ፣ ነጥቡ እኩል ሆኖ፣ የቀረው ያንቺ የመጨረሻ ድንጋይ ብቻ ነበር። ገና ከእጅሽ ሲወጣ አውቄዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድንጋይ በሕይወትሽ ለቀሽ አታውቂም። እኔና ሞርቨን ድንጋዩ ርቆ እንዲሄድ ከፊቱ ከፊቱ እየሮጥን በረዶውን እንጠርጋለን፤ አንቺ ከኋላችን "ጥረጉ! ጥረጉ! አትልቀቁት!" ትያለሽ። መሀል ሜዳው ላይ የመጥረጊያዬ ጠርዝ ድንጋዩን ጫር አደረገው። በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ በክንዴ ነው የተሰማኝ። በተጨናነቀ በር ስትወጪ አንድ ሰው ትከሻሽን ነካ አድርጎሽ ሲያልፍ ሳትዞሪም እንደምታውቂው ነው።

ዳኛው አላየም። ጃፓኖቹ አላዩም። ሞርቨን እንኳ አጠገቤ ሆና አላየችም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፤ ዝም ልል ነበር። ለአንድ አፍታ ጭንቅላቴን ቀብሬ ጠረግሁ። ኦሊምፒኩ ያንቺ ብቻ ሕልም ይመስልሻል፤ እኔስ? እኔም ከሥራዬ እየቀረሁ፣ ባሌን እያስኮረፍኩ፣ ጉልበቴን በፋሻ እያሰርኩ የደከምኩት ለዚያች ቀን ነበር። ባንዲራው ኋላ የምሰለፍበትን ቦታ ሳይቀር መርጬ ጨርሼ ነበር። ግን በዚህ ጨዋታ ላይ የነካ ሰው ዳኛ እስኪያየው አይጠብቅም፤ ራሱ ይናገራል። መሀል ላይ የተነካውን ድንጋይ ደግሞ የነካው ወገን በገዛ እጁ ያነሳዋል። ይህን ያስተማረኝ ሌላ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኜ የነካሁትን ድንጋይ ዝም ብዬ ሳሳልፍ ጆሮዬን ይዘሽ ከአዳራሹ ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ጎንበስ አልኩና በእጄ አቆምኩት።

"ምን ነካሽ! ልቀቂው! ልቀቂው እኮ ነው የምልሽ!" እያልሽ በበረዶው ላይ እየተንሸራተትሽ መጣሽ።

"ነክቼዋለሁ" አልኩሽ።

"ማን አየሽ?"

ሺና፣ ያን ዕለት ልቤን የሰበረው መሸነፋችን አይደለም። "ማን አየሽ" ማለትሽ ነው። ያን ድንጋይ ብተወው ኖሮ በረዶው ላይ የተሣለው ክብ መሀል ገብቶ ይቀመጥ ነበር? ይመስለኛል። ከአንቺ ይበልጥ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ሳስበውም አሁን ድረስ እጄ ይቀዘቅዛል። ግን አልጸጸትም።

አንቺ በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ፤ መንደሩን ለእኔ ተውሽልኝ። ሥጋ ቤት ስገባ ባለሥጋው ሰው ፊት "ኤልስፔት፣ አደራሽን፣ ሚዛኔን እንዳትነኪብኝ!" ይለኛል። አንድ ቀን "ግድ የለህም፣ አንተ በአውራ ጣትህ ስለምትጫነው የእኔ አይታወቅም" ብለው ወረፋ የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። የክለቡ አሮጊቶች ደግሞ አጠገቤ ሲደርሱ ብርጭቋቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር፤ እንዳልነካባቸው መሆኑ ነው። ስቄ አሳለፍኩት። አንዳንዴ ግን ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን ነበር፤ አልዋሽሽም።

አሁን የጨዋታው ዕለት ማታ ስላልነበርሽበት ጠረጴዛ ልንገርሽ። አሸናፊ ለተሸናፊ መጠጥ ይገዛል፤ ሁለቱ ቡድን ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ይህ ከእኛ የወጣ ወግ ነው፤ ዓለም ሁሉ የተማረው ከእኛ ነው። እኛ ግን አምበላችን ሆቴሏ ገብታ በሯን ቆልፋለች። እኔና ሞርቨን እንደተደበደበ ሰው ተቀምጠናል። ሳዋኮ፣ የጃፓኖቹ አምበል፣ ውስኪውን ገዝታ መጣችና ባዶውን ወንበር አየችው።

"እህትሽ አሟት ነው?" አለችኝ።

"አላመማትም፤ ተናዳ ነው።"

"በእኔ ነው?"

"ኧረ በእኔ ነው! አንቺማ ምን አደረግሽ?"

ትንሽ አሰበችና ያንቺን ብርጭቆ ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠችው። እስክንነሳ ድረስ እዚያው ነበር። እኔ በሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ስለ ድንጋዩ አልነበረም ያፈርኩት።

ሳዋኮ ቀጥላ፣ "ይሄ የምንጫወትበት ድንጋይ ከየት ነው የሚመጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከቤታችን መስኮት ከምትታይ፣ ከወፍ በቀር ነዋሪ ከሌላት ደሴት ነው አልኳት። ለኦሊምፒክ የሚወጣው ሁሉ ከዚያች ጉብታ የተፈለጠ ነው፤ አባቴም ዕድሜ ልኩን ሲያለሰልሰው ኖሯል አልኳት። የቀለድኩባት መሰላት። በበጋው አባቷን ይዛ ልታይ መጣች። አባቷ በሰሜን ጃፓን ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ነው፤ ከአባዬ ጋር የሚግባቡበት አንድ ቃል የላቸውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባሕሩ ዳር ተቀምጠው አንዱ ስለ ድንጋይ፣ አንዱ ስለ ሽንኩርት፣ በእጅ ምልክት ሲከራከሩ ዋሉ። አባዬ ማታ "ሰውዬው ስለ ድንጋይ ምንም አያውቅም፤ ግን ደግ ሰው ነው" አለኝ። የክለባችን አሮጌ ድንጋዮች ለእነሱ መንደር ልጆች እንዲላኩ ያደረገው አባዬ ነው። ዘንድሮ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ለአገሯ ተመርጣ ኦሊምፒክ ትሄዳለች። ሳዋኮ ፎቶዋን ስትልክልን አባዬ ልጅቷን ትቶ ከእግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ አየና "ይሄ የእጄ ሥራ ነው" አለ። አንቺ ከምታሠለጥኚያቸውም አንዷ አንድ ቀን ከዚያች ልጅ ጋር ትገጥም ይሆናል፤ ከመስኮታችን በምትታየው ደሴት ድንጋይ።

አንቺ እኔ በር የዘጋሁ ይመስልሻል። በዚያ በር ስንት ሰው እንደገባ ቁጭ ብለሽ ብታዪ ኖሮ ታውቂ ነበር። ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ካለ ስለዚያ ወንበር ነው፤ ጠያቂዋም እኔ አይደለሁም።

ይህን ሁሉ ስል ግን አልናፈቅሽኝም ማለት እንዳይመስልሽ። ከልምምድ ስንመለስ መኪና ውስጥ ዜማውን እያጣመምሽ የምትዘፍኚው ይናፍቀኛል። ጓንትሽን በጥርስሽ እየጎተትሽ ስታወልቂ፣ በተሸነፍን ቁጥር እኔን ወቅሰሽ ስትጨርሺ ቺፕስሽን ስታካፍይኝ ይናፍቀኛል። አንዳንድ ቀን በጣም እናደድብሽና ስልኩን የማነሳው ለአንቺው ልነግርሽ ነው።

ትናንት አባዬን ሾርባ እያበላሁት ሳለ ሞርቨን ያለችኝን አነሳብኝ።

"በያት በቃ" አለኝ።

"ምን ልበላት?"

"የምትፈልገውን ነዋ። እርግጠኛ አልነበርኩም በያትና ትምጣ።"

"አባዬ፣ እርግጠኛ ነበርኩ።"

"ጠፍቶኝ ነው? አንድ ቃል ናት፤ ምን ትጎዳሻለች?"

"አንድ ቃል ከሆነች አንተ ደውልላትና 'ልጄ፣ ምንም ሳትጠይቂ ነይ' በላት።"

ማንኪያውን በእጁ መለሰው።

"እሷ እምቢ ትለኛለች" አለ። "አንቺ እምቢ ብለሽኝ አታውቂም።"

ሺና፣ በሽተኛ ሰው ላይ ጮህኩ። "ሁልጊዜ እኔ! ምድጃህን የማነድ እኔ፣ መድኃኒትህን የማመጣ እኔ፣ ደግሞ የምዋሸውም እኔ? አጠገብህ ስላለሁ ነው አይደል? ሩቅ ብሄድ እኔንም ትለማመጠኝ ነበር!" አልኩት። ሳህኑን ወጥ ቤት ወስጄ አለቀለቅሁት። ስመለስ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ደሴቲቱ አዙሮ አገኘሁት።

"አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አለኝ። "እኔ የፈለግሁት ልጄን ነው። ውሸቱን የፈለገችው እሷ ናት። ለእሷ የሚነገረውን ላንቺ ተናገርኩ፤ አንቺ ስለምትቀርቢኝ ቀለለኝ።" ከዚያ እንድጽፍለት አዘዘኝ፤ እሱ ብዕር መያዝ አይችልም። ቃሉን እንዳለ ነው ያሰፈርኩት፦

"ሺና፣ አባትሽ ነኝ። ያን ቀን ተመልካች መሀል ተቀምጬ ነበር። ኤልስፔት ድንጋዩን ስታቆም ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ቆሜ ማጨብጨብ ነበረብኝ፤ አንቺን ፈርቼ ተቀመጥኩ። ዛሬ ግን አልፈራሽም። እህትሽ ልክ ናት። አንቺም ልጄ ነሽ፤ ሳልሞት ላይሽ እፈልጋለሁ። ነይ።"

ይህን ብሎ ደከመውና ተኛ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የምጽፍልሽ የራሴን ነው። ሳዋኮ ነገ ትገባለች፤ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ትጫወታለች፤ አባቷ ለአባዬ ሽንኩርት ልኳል። ሞርቨን አለች፣ እኔ አለሁ። ክለቡ "አምበላችሁ ማን ናት?" ሲለኝ ያንቺን ስም ሰጠሁ። የሰሙት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ፤ ይዩኝ። ካልመጣሽ በሦስት ሰው እንጫወታለን፤ በአንቺ ቦታ ሌላ ሰው አላቆምም።

ከመጣሽ ማንም ይቅርታ አይጠይቅሽም። አንቺም እንዳትጠይቂ። የመጨረሻውን ድንጋይ የምትለቂው አንቺ ነሽ። የፈለግሽውን ያህል ጩኺብኝ፤ እኔ እንደ ድሮው ከፊቱ ከፊቱ እየሮጥኩ እጠርግልሻለሁ።

ከነካሁት ግን አቆመዋለሁ።

እህትሽ
ኤልስፔት