የወይዘሮ የሺ ሽንኩርትና ሁለቱ ቫልቮች

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት።
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም የመስኖ ሞተሩ ዘንድ ነኝ። ከቡሬ ሽንዲ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር። ታች ያሉት ማሳዎች ይጠጣሉ። ላይኛው የወ/ሮ የሺ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ። እዚያ በርሜል ደቀንሁ፣ ሰዓት ያዝሁ፦ እስኪሞላ 80 ሰከንድ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደምሌ ሞተሩ ጉልበት የለውም ይላሉ። ዓርብ ተሰብስበው የላዩን ማሳ ከውኃ ተራ ሊያስወጡት ነው። ወ/ሮ የሺ ያላቸው ይኸው ነው። ባል የለ፣ ሌላ ማሳ የለ። ልማት ሠራተኛ ተብዬ ሰከንድ ከመቁጠር አላለፍሁም። አፈርሁ።

ማክሰኞ፣ 4። ከሰዓት።
የኮሌጅ ደብተሬን ስገላብጥ ዋልሁ። አገኘሁት መሰለኝ! ወደ ላይ በሚሄደው ቧንቧ ግሎብ ቫልቭ የሚባል የውኃ መክፈቻና መዝጊያ ሁለት አለ። ውስጡ ግድግዳ ነው፦ ውኃው ይታጠፋል፣ በቀዳዳ ይሾልካል፣ መልሶ ይታጠፋል። በፈጠነ ቁጥር የሚባክነው ጉልበት ይብሳል። ጌት ቫልቭ ግን በሩ ወደ ላይ ሲነሣ መንገዱ ወለል ይላል። ችግሩ፦ የገጠሙት የቡሬው መካኒክ ጋሼ አድማሱ ናቸው። በሥራቸው ቀልድ አያውቁም።

ረቡዕ፣ 5። ቡሬ፣ ጋራዥ።
ዙሪያ ጥምጥም ሄድሁ። ውኃው መንገድ ላይ ምን አድክሞት ይሆን፣ አልሁ። ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ።
«ቫልቬ ያንጠባጥባል?»
«አንቱ የገጠሙት መቼ ያንጠባጥባል፣ ጋሼ። ሲዘጋ ጠብ አይልም። ሲከፈት ነው የማያሳልፍ።»
አንድ አሮጌ ግሎብ አመጡ፣ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቁ። ጣታቸውን በውኃው መንገድ ሰደዱ። ግድግዳው ላይ ቆመ።
«እኔ ጥንካሬውን ነበር የማየው» አሉ፣ ቀስ ብለው። ሁለት ጌት ቫልቭ ከመደርደሪያ አወረዱ። ነገ ራሴ እመጣለሁ አሉ።

ሐሙስ፣ 6። 5 ሰዓት።
ተገጠመ። ያው ሞተር፣ ያው ቧንቧ። 50 ሰከንድ! ሦስቴ ለካሁ። አቶ ደምሌ ሰዓቱን ተቀብለው ራሳቸው ለኩ። 50። ወ/ሮ የሺ ቦዩ ውስጥ ቆመው፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን እያለፈ፣ ነገስ ውኃው ይቀርብኝ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። አይቀርም አልኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ። እኔም ዞር አልሁ።

ዓርብ፣ 7።
ጠዋት ጉድ። አንዱ ገበሬ ውኃ ልቀንስ ብሎ ጌት ቫልቩን ግማሽ ዘጋው። ቧንቧው ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸ። ሥራቸውን ሊያዩ የተመለሱት ጋሼ ሳቁብኝ፦ ጌቱ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል፤ መጥኖ ለመልቀቅ ግሎቡ ነው። ልክ ናቸው። ከወጡት ግሎቦች አንዱን መመጠኛ እንዲሆን ታች ማሳ መግቢያ ላይ ገጠምነው።
ስብሰባው አጭር። የወ/ሮ የሺ ማሳ ተራው ጸና። እጅ ያላወጣ የለም።
ሲበተን ጋሼ ለብቻ ጠሩኝ። ሽንዲ አካባቢ እንዲሁ በግሎብ የገጠሟቸው አራት ሞተሮች አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ነገሩኝ። ለዕረፍት አዴት እናቴ ዘንድ ልሄድ ነበር። ቀርቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ከጋሼ ጋር ሽንዲ።