ለቦሩ የተሰጠው ልጅ

ሱሉልታ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ የልጅ ልጄ ለሌንጮ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በአባትህ በኩል ለላክህብኝ ጥያቄ መልሴን ከገዛ እጄ እንድታገኝ ብዬ ነው። ጥያቄህም ይህ ነው፦ ታኅሣሥ 1 ቀን ቀበሌ ቀርቤ፣ አንተ ለእናትህ ወንድም ለቦሩ በጉዲፈቻ የተሰጠህ ልጅ መሆንህን በሽማግሌነቴ እንድመሰክር። በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም፤ ድምፅህን ከሰማሁ ማለት የሚገባኝን ሳልል እቀራለሁ።

ያመጣሁልህ የገብስ ጭኮ እንደ ደረሰህ አውቃለሁ። ለዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ሰጥቼው የተመለስሁት እኔው ነኝ። ሳልነግርህ የመጣሁት ላስደስትህ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ሌንጮ ኢተፋ መገርሳ የሚባለውን የሕክምና ተማሪ እንዲጠሩልኝ ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ እንደዚያ የሚባል የለም» አለኝ ጥበቃው። «ሌንጮ ቦሩ ካልሆነ።»

የጽሕፈት ስሕተት መስሎኝ ላሳርም ተነሣሁ። በዚህ መሐል ነጭ ካፖርት የለበሰ አንድ ተማሪ ሰምቶን ቀረበ።

«ሌንጮ ቦሩን ነው? የዶርሜ ልጅ ነው እኮ። አያቱ ነዎት? መልክዎ ቁርጥ እሱን። ይቀመጡ፣ አሁን እጠራልዎታለሁ። በአባቱ ነዎት በእናቱ?»

ቦሩ የእኔ ልጅ አይደለምና በአባቱ ብል አንተን ሐሰተኛ አደርግሃለሁ፤ በእናቱ ብል ሐሰተኛው እኔ እሆናለሁ። «ከሱሉልታ ነኝ» ብዬው ጭኮውን ለጥበቃው ሰጠሁና ተመለስሁ። ትንሽ ልጅ ሳለህ ጭኔ ላይ ተቀምጠህ፣ «ሌንጮ ኢተፋ፣ ኢተፋ መገርሳ፣ መገርሳ ዲሪርሳ» እያልህ የዘር ሐረግህን ስትቆጥር አንድም ስም ዘለህ አታውቅም ነበር።

ትደውላለህ ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ግን አባትህ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ ነጥቡ እዚህ ቢሆን ለሕክምና አይበቃም ነበር። ቦሩ ያለበት ክልል መግቢያው ዝቅ ይላል። የእሱ ልጅ ተብሎ ተመዘገበ፣ በቃ። ወረቀት ነው እኮ፤ ልጁ የት ይሄዳል? አሁን ዩኒቨርሲቲው ማስረጃ እያጣራ ነው። የቀረው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው።»

«ማን ማን ያውቅ ነበር?» አልሁት።

«እናቱ፣ ቦሩ፣ እኔ። እኅቶቹም ሰምተዋል።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ እውነት ይወዳሉ ብለን ነው አባባ።»

እንግዲህ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ የተቈጠርሁበት ምክንያት ይህ ነው። የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት አጎትህ ዘንድ የሄድኸው ለጥናት ጸጥ ስለሚል እንደ ሆነ ነግራችሁኝ፣ ስንቅህን ያሰርሁልህ እኔ ነበርሁ። ውጤቱ ሲመጣ ነጥብህን ብጠይቅህ፣ «ያስገባኛል አካኮ» ብለህ ለእኔ ለአያትህ መለስህልኝ። እንከን የሌለው ዓረፍተ ነገር ስለ ነበረ እኔ መምህሩ አላረምሁትም። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ የልጅ ልጄ በገዛ ጥረቱ ሕክምና ገባ ብዬ ተናገርሁ፤ ጭብጨባውንም ተቀበልሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጠጅቱ ልጆቿ አዲስ አበባ ወስደው ሊያሳክሟት ሲለምኗት፣ «ጉልበቴን ለሌንጮ እያቆየሁት ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም» ብላ መለሰቻቸው። ትናንትም በአጥሩ ላይ፣ «መምህር፣ ስንት ዓመት ቀረው?» አለችኝ። ስለ ብርዱ አወራሁላት።

ዝቅ ያለ ነጥብ አላሳፈረኝም፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጡ ስንትና ስንት ልጆችን አስተምሬአለሁ። ወጣት ሳለሁ የተመደብሁት ቦሩ ዛሬ በሚነግድበት አገር እንደ ነበረ ታውቃለህ። የሒሳብ መምህር ሳያዩ ዓመቱ የሚያልቅባቸውን፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተደራርበው የሚያነቡትን ልጆች በስማቸው አውቃቸው ነበር። ያ በር ዝቅ ብሎ የተሠራው ለእነርሱ ነው። አንተ መብራትም፣ መጽሐፍም፣ መምህር የሆነ አያትም እያለህ በዚያ በር ገባህ፤ ከውጭ የቀረውን ልጅ ስም ማናችንም አናውቅም።

አሁን ወደ ጉዲፈቻው ልምጣ። እኔን የወለደኝ ዲሪርሳ እንዳልሆነ ሰምተሃል፤ እንዴት እንደ ነበረ ግን ነግሬህ አላውቅም። የወለደኝ ሰው ጫንጮ ነበር የሚኖረው። በሽማግሌዎች ፊት ለዲሪርሳ ሰጠኝ፤ ዲሪርሳም ተቀበለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የወለደኝ ሰው ገበያ ላይ ባገኘኝ ቊጥር፣ «የዲሪርሳ ልጅ፣ እንደምን ዋልህ?» ነበር የሚለኝ። አንድ ቀን እንኳ ልጄ ብሎ አልጠራኝም፤ ቃሉን ሰጥቷላ። ሲሞትም ከልጆቹ ጋር አልቆምሁም። ከለቀስተኛው መሐል ቆሜ ቀበርሁት።

እናንተ ወረቀት ነው የምትሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ በሐሰት አልመሰክርም። እውነት ከሆነ ግን እመሰክራለሁ። ከፈለግህ ቦሩ ይምጣ፤ ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ አባትህ በገዛ አፉ ይስጥህ፤ ቦሩም ይቀበልህ። በማግሥቱ ቀበሌ ሄጄ፣ አዎ፣ ይህ ልጅ የቦሩ ነው እላለሁ። መቼ እንደ ተሰጠህ ቢጠይቁኝ ቀኑን እናገራለሁ፤ ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ። ለአንተ ብዬ ልጐነብስ የምችለው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አካኮ አትለኝም። መንገድ ላይ ባገኝህ የቦሩ ልጅ፣ እንደምን ዋልህ እልሃለሁ። እኔ የሞትሁ ዕለትም የት እንደምትቆም ከላይ አንብበሃል።

ይህን ካልፈለግህ፣ ለዩኒቨርሲቲው እውነቱን በገዛ አፍህ ነግረህ ወደ ቤትህ ተመለስ። ነጥብህ የሚያስገባህን ተማር፤ ወይም እንደ ገና ተፈተን። ሰው ይስቅብናል፤ በእድሩም ፊት የተናገርሁትን ተነሥቼ የምሽረው እኔ ራሴ ነኝ። ክፍልህ እንደ ነበረ ነው። የጠረጴዛህ መብራት ተበላሽቶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አስጠግኜዋለሁ።

በየትኛውም ስም ብትጠራ፣ ፈጣሪ እጅህን ሕመም የሚያስታግስ እጅ ያድርገው። ጤናህ ይጠበቅ፤ ብርዱም አይንካህ።

መልስህ እስከ ኅዳር 28 ቀን ድረስ እጄ እንዲገባ ይሁን። በስልክ በላቲን ፊደል የምትልከውን አላነብም፤ በብዕር ጻፍልኝ። ምክንያት አትዘርዝር፤ ይቅርታም አትጠይቀኝ። ከወረቀቱ ግርጌ ሙሉ ስምህን እስከ አያት ጻፍ፤ እኔ ማንበብ የምጀምረው ከዚያ ነው።

እስከዚያው ድረስ አያትህ፣
መገርሳ ዲሪርሳ