ከዘፈኑ ሥር

እሑድ፣ ኖቬምበር 5፣ 2006

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህም ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው። የእናቴን ድምፅ አላውቀውም። ፊቷን ከፎቶ አውቀዋለሁ። ድምፅዋን ላስታውስ ስሞክር ግን የሚመጣልኝ የሌላ ሰው ነው፤ አንዳንዴ የአስተማሪዬ፣ አንዳንዴ የራሴ። ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር።

እናቴ የምትንቀሳቀስበት አንድ ካሴት ብቻ አለን፣ የአክስቴ ሠርግ። ዛሬ የቪዲዮ ማጫወቻው በላው። ጥቁሩን ክር በጣቴ ስቤ ሳወጣ እማማ፣ የእናቴ እናት፣ አጠገቤ ቆማ "ቀስ፣ ቀስ" ትለኛለች፣ ቁስል የማጥብ ይመስል።

አፍሪዳር ሰፈር ውስጥ ካሴት ወደ ዲስክ የሚቀይር ሱቅ አለ። ነገ እወስደዋለሁ። ለአባዬ አልነገርኩትም። ያ ካሴት ሲከፈት እሱ ተነሥቶ በረንዳ ይወጣል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 6

የሱቁ ሰውዬ ከሩሲያ የመጣ ነው። ካሴቱ እየተጫወተ ነው የሚገለበጠው፤ አቋራጭ የለውም። "የእናንተ ሠርግ ከሻባት ቀን ይረዝማል" አለኝ በዕብራይስጥ፣ ወንበር እየሰጠኝ።

ካሜራው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ዘመዶችን ያስመርቃል። ማይክራፎን ሲጠጋቸው ሽማግሌዎቹ ማቆም አይፈልጉም፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ይላሉ። እናቴ ጋ ሲደርስ ዘፈን ይነሣል። ሁልጊዜም እዚያ ላይ ነው የሚነሣው። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባዋለች። እኔ ጭኗ ላይ ነኝ፣ የብርቱካን ጭማቂ ይዤ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ሌላ ነገር ትላለች። ካሜራው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሲያልፍ ዘፈኑ ይቆማል።

ዘፈኑን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ሁለቴ አስደገመኝ፣ ድምፄ አይሰማም። አይቻልም አለ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሶ ሰማና "ይሄ ዘፈን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። በኋላ ነው የተጨመረው፣ እዚህች ቦታ ላይ ብቻ" አለኝ።

ማን? ለምን?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

ዲስኩን ተቀበልኩ። ምስሉ ጥሩ ነው። ዘፈኑም እንዳለ ነው።

ሠርጉን የቀረጹት ጋሼ ፈንታሁን ናቸው፤ ስማቸው የካሴቱ ሽፋን ላይ አለ። ቤታቸው ግቫት ጺዮን ሰፈር ነው። ሄጄ በራቸው ድረስ ደረስኩ። ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤት "ማንን ፈልገሽ ነው?" ስትለኝ "ሕንፃ ተሳስቼ ነው" ብያት ተመለስኩ።

እንዴት ያለሁ ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ደወልኩ። ደወሉን ተጫንኩት!

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ ጋሼ ፈንታሁን በሩን ገርበብ አድርገው። የጥበቃ ልብስ ለብሰዋል። ካሜራውን ትተው አሁን የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቦርሳ ይፈትሻሉ።

"የዝናሽ" አልኳቸው። የአባቴን ስም ልጠራ ነበር፤ የወጣው ግን የእሷ ነው።

በሩን ወለል አደረጉት። "ግቢ ልጄ። ቁርጥ እሷን።"

ስለ ዘፈኑ ስጠይቃቸው መሬት መሬት አዩ። ያስጨመረው አባዬ ነው። ከልቅሶው በኋላ እማማ ያችን ቦታ እየመላለሰች ትከፍት፣ እህል አልቀምስ ትል ነበር አሉ። አባዬ ካሴቱን ይዞ መጥቶ "አማቴ በዚህ ድምፅ ልትሞትብኝ ነው፤ ዘፈን ጣልበት" አላቸው።

መጀመሪያ የቀረጹበት ካሴት ግን አለ። "በሌላው ሁሉ ላይ ደግሜ ቀርጫለሁ። የሞተ ሰው ያለበት ላይ አልደግምም፤ እጄ እንቢ ይለኛል" አሉ። ከአልጋ ሥር ካርቶን ስበው አሳዩኝ። ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ይዞታል። ሻጋታ ነው፣ የባሕሩ እርጥበት። ይህን ክረምት ከከረመ ላይሠራ ይችላል አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት። "ያዘዘኝ አባትሽ ነው። እሱ አንድ ቃል ይበለኝ፤ የዚያኑ ቀን ውሰጂው።"

"ምን ነበር ያለችው?" አልኳቸው።

"እኔማ በዓይኔ እንጂ መች በጆሮዬ እሠራ ነበር?"

እስከ አውቶቡሱ ድረስ አለቀስኩ። እኔና አባዬ ስለ እሷ አውርተን አናውቅም። እሱ በአማርኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ በዕብራይስጥ እመልሳለሁ፣ በአጭሩ። ያልቃል። ይህን ፊደል ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9

አባዬ ፋብሪካ እያለ ለእማማ ዲስኩን ከፈትኩላት። ዘፈኑ ሲነሣ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። "እዚህ ላይ ድምፅ ነበራት" አለች።

ታውቃለች። ይህን ሁሉ ዓመት ታውቃለች።

"ለምን አልጠየቅሽውም?" አልኳት።

"አባትሽ ለእኔ ብሎ ነው ያደረገው። እኔም ለእሱ ብዬ ዝም አልኩ። እሱም እኮ በረንዳ የሚወጣው ሊተነፍስ ነው፤ ሲጋራ ነው ብለሽ ነው?"

ስለ ካሴቱ ነገርኳት፣ ስለ ሻጋታውም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣፋች። ከዚያ እናቴ ያለችውን ነገረችኝ። ለሙሽሮቹ "የሰላም ኑሮ ይስጣችሁ" ብላ፣ ሌላ ጨምሪ ቢሏት አፍራ ወደ እኔ ዞረች። "አይዞሽ እማ፣ አሁን ቤታችን እንሄዳለን" አለችኝ።

በልቤ ደጋገምኩት። ቃሉ አለኝ አሁን። ድምፁ ግን የእማማ ነው።

"እኔ እንደሁ አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ብሰማት አልሞትም" አለች እማማ። "ጠይቂው። እኔ ብጠይቀው ለእኔ ብሎ እሺ ይለኛል። አንቺ ጠይቂው።"

ነገ ዓርብ ነው፣ አባዬ በጊዜ ይገባል። ታጥቦ፣ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሳይገባ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እነግረዋለሁ። በዕብራይስጥ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ "ሎ ኻሹቭ፣ ግድ የለም" ብዬ እተወዋለሁ። ስለዚህ በአማርኛ ነው። አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ። ይኸው ነው የምለው።

"እማዬ" የሚለውን ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም። ዛሬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ተለማመድኩት። ነገ ውኃ ሳልከፍት እለዋለሁ።